ወንድሜ «አባባ ቤቱን ለእኔ ሰጥቶኛል» ይላል

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። እናታችን ቀደም ብላ ሞታለች። ሦስት ልጆች ነን። አዲስ አበባ ባለው ቤት ታላቅ ወንድማችን ይኖርበታል፣ ሰርቪሶቹንም ያከራያል። «አባባ ሊሞት ሲል ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት ቤቱ ያንተ ነው ብሎኛል» ይላል። ኪራዩን ስንጠይቀው ይቆጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር።

ወንድምሽ የሚለው የቃል ኑዛዜ ነው። ሕጋችን የቃል ኑዛዜን ያውቀዋል፤ ሞቱ የተቃረበ ሰው ለሁለት ምስክሮች መናዘዝ ይችላል። ግን በዚህ መንገድ የሚሰጠው ነገር ትንሽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 893 የሚፈቅደው የቀብር ሥርዓቱን መናገር፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳጊ መወሰን፣ እና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ነው። ጎረቤቶቹ እውነታቸውን ቢሆንም እንኳ ቤት በዚህ አይተላለፍም።

የጽሑፍ ኑዛዜ አለኝ ካለ ነገሩ ይለያል። ኮፒውን ጠይቂው። አባታችሁ ሙሉውን በእጁ ካልጻፈው፣ በእሱና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም ነበረበት። በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ አንዱ ምስክር ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።

የሚጸና ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፣ ቁጥር 842። አንድ ሦስተኛው ያንቺ ነው። ሴት መሆንሽም ሆነ ውጭ መኖርሽ አይቀንሰውም። ወንድምሽ አባታችሁን አስታሞ ከሆነ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ለቀብር ያወጣውም ከውርሱ ላይ ቀድሞ ይከፈለዋል። ማስታመም ግን የቤት ባለቤት አያደርግም። ከአባታችሁ ሞት ወዲህ የተሰበሰበው ኪራይም የሦስታችሁ ነው። ለግብርና ለእድሳት ያወጣውን በደረሰኝ አሳይቶ ይቀንስ።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ጊዜው ነው። በቁጥር 1000 መሠረት ወራሽ መብቱን፣ ንብረቱም በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በኋላ 3 ዓመት ዝም ካለ የወራሽነት ክሱ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። ወንድምሽ ይህን መከራከሪያ ማንሳቱ አይቀርም። ይርጋው ለእናንተ ጉዳይ ይሠራል አይሠራም እያሉ ዓመታት ከመከራከር ቀድሞ መክሰስ ይሻላል። ስምንት ወር ቢቀርሽ ነው፤ ስልኩን እስኪያነሳልሽ እየጠበቅሽ አታሳልፊው። ሽማግሌ መላክ ጥሩ ነው፤ እኔም እመክራለሁ። ከተስማማችሁ በጽሑፍ አድርጉት። ሽምግልና ስለተቀመጣችሁ ብቻ ግን ቆጠራው ይቆማል ብለሽ እንዳትዘናጊ።

ከሌላኛው ወንድም ወይም እህትሽ ጋር ሆናችሁ በቅድሚያ የወራሽነት ማስረጃ ከአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት አውጡ። ታላቅ ወንድማችሁ «ብቸኛ ወራሽ ነኝ» ብሎ አውጥቶ ከሆነ እንዲሰረዝ ማመልከት ትችላላችሁ። ከዚያ የክፍፍል ክስ ይቀርባል። ቤቱ እንዳይሸጥና ካርታው ወደ ሌላ ስም እንዳይዞር አብራችሁ እግድ ጠይቁ፤ ትእዛዙም ክፍለ ከተማው የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት መድረሱን ተከታተሉ። ቤቱ ለሦስት የማይከፈል ከሆነ አንዳችሁ የሌሎቹን ድርሻ ትገዛላችሁ፣ ካልሆነም በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን ትካፈላላችሁ።

ለዚህ ሁሉ መምጣት አይጠበቅብሽም። ዱባይ ባለው ቆንስላችን ውክልና አዘጋጂ፤ አዲስ አበባ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ይረጋገጣል። ለምታምኚው ሰው የመክሰስ፣ የመከራከርና ጠበቃ የመወከል ሥልጣን በግልጽ ጻፊለት። የመሸጥ ሥልጣን ግን ለጊዜው ለማንም አትስጪ።