‹‹ያኔ ፍቅር ነበር›› ካሏችሁ በኋላ ምን ትጠይቃላችሁ?

ልጆቼ፣ የአዲስ አበባው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ካዛንቺስ በ2017 ተከተለ። ሰፈሩ ባይኖርም እዚያ ያደጉት ሰዎች በየኮንዶሚኒየሙ አሉ። የወላጆቻችሁን የልጅነት ሰፈር ቀድታችሁ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ አጠያየቁን እወቁበት።

‹‹ልጅነትዎ እንዴት ነበር?›› ብላችሁ ከጀመራችሁ መልሱ የታወቀ ነው፦ ‹‹ያኔ ፍቅር ነበር፣ ልጅ የጋራ ነበር።›› ውሸት አይደለም፤ ግን የሽንት ቤቱን ወረፋና ክረምት ላይ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ይሸፍነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ አቅርቡና ግቢውን እንዲስሉት አድርጉ፦ በሩን፣ ማድቤቱን፣ የጋራ ሽንት ቤቱን፣ ቦኖውን (የሰፈሩን የጋራ ውሃ ቧንቧ)። ሥዕሉ ቢንጋደድ ግድ የለም። እርሳሱ የቆመበት ላይ ጠይቁ። ቦኖው ስንት ሰዓት ይከፈታል? አንድ ባልዲ በስንት ሳንቲም? ወረፋ የሚያዘው በባልዲ ነው ወይስ በድንጋይ? ድንጋዩ ከቦታው ሲነሳ ማን ከማን ይጣላ ነበር? የቅጽል ስሙ መዓት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ግድግዳው ብቻውን አንድ ቀን ይፈጃል። የምርጊቱ ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ካልቦካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማን እንደረገጠው ጠይቁ፤ ልጆች ሳይኖሩበት አይቀርም። ከውስጥ ደግሞ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፍ ነበር። ቤቱ ገና ካልፈረሰ የተላጠ ጥግ ፈልጉ፦ ጋዜጣው ላይ የሚነበበው ቀን ያ ንብርብር ከዚያ በፊት እንዳልተለጠፈ ይነግራችኋል። ከሰው ትዝታ ይልቅ ለዓመት እሱን እመኑት።

ዓመት ሲጠፋባቸው አታፋጥጧቸው። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ትምህርት ገብተው ነበር? በ1983 ደርግ ሲወድቅ ስንተኛ ክፍል ነበሩ? በዚህ መንገድ ራሳቸው ያገኙታል። አድራሻም ያሳስታል። በደርግ ጊዜ ከፍተኛና ቀበሌ የነበረው ኋላ ክፍለ ከተማና ወረዳ ሆኗል፣ ቁጥሩም ተቀያይሯል። የቀበሌ ቁጥር ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ፤ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ወፍጮ ቤት ወይም ድልድይ በታች እንደሆነ ጨምሩ።

የምትቀርጹበትን ስልክ ሲኒ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፤ እያንዳንዱ ሲኒ ሲቀመጥ ንግግሩን ይውጠዋል። የታጠፈ ጋቢ ላይ አድርጉት፣ ጥሪ እንዳያቋርጠውም ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ቡናው ሲወቀጥ ጠብቁ። ሁለት አብሮ አደጎችን ባንድ ላይ መጠየቅ ጥሩ ነው፣ እርስ በርስ ይተራረማሉ፤ አራት ሲሆኑ ግን ማን ምን እንዳለ አይለይም። ከ40 ደቂቃ በላይ አትሂዱ፣ በማግስቱ ትመለሳላችሁ።

ፎቶ ከአልበም አትላጡ፣ ይቀደዳል። በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሱት። ላላ ብሎ የወጣ ካለ ጀርባውንም አንሱ፤ ቀንና ስም ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው። የእድር ደብተርና የኪራይ ካርኒ ካገኛችሁ ገጽ በገጽ።

1969 እና 70 ላይ፣ የቀይ ሽብር ጊዜ ላይ፣ ሲደርሱ ዝም ካሉ ቀረጻውን አጥፉ። ሁለተኛው ቡና ይቀዳ፤ ከዚያ ስለ ብይና ስለ ጨርቅ ኳስ ጠይቁ፣ ኳሱ በየትኛው ካልሲ እንደተሠራ።