አገር ስጠኝ

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ቢሮ ካሉት የእኛ ልጆች አንዱ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን አጮልቆ አየና "ጋሼ፣ ስዕል የሌለው ጌም ምኑ ይጥማል?" አለኝ። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ ሌላ ምንም የለውም። ስቄ አለፍኩት። ማታ ግን ጥያቄው ከነከነኝ።

በፈረንጆቹ 1994 ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ኮምፒውተር ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሥራዬ የባክአፕ ቴፕ፣ ማለት የቀኑ ሥራ ቅጂ የሚቀመጥበትን፣ መቀየርና መጠበቅ ነው። ይበልጡን መጠበቅ። አንድ ሌሊት የሥራ ባልደረባዬ "አድቬንቸር" የሚባለውን ጌም ከፈተልኝ። መጀመሪያ የጻፈው ዊል ክራውዘር የሚባል ፕሮግራመር ነው፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ። ሰውዬው ዋሻ መግባት ይወድ ነበር። ኬንታኪ ያለውን የማሞዝ ዋሻ በእግሩ ያውቀዋል። ከሚስቱ ሲለያይ ሴት ልጆቹ እንዲጫወቱበት ብሎ ዋሻውን በቃላት ሠራላቸው። በ1977 ዶን ዉድስ የተባለ የስታንፎርድ ተማሪ ብዙ ነገር ጨመረበት።

ጌሙ የት እንደቆምክ ይነግርሃል። አንተ አንድ ሁለት ቃል ትጽፋለህ፦ "መብራት አንሳ"፣ "ወደ ሰሜን"። ውስጡ ግን አንድ መከራ አለ፣ መውጫው የሚጠፋ ጠመዝማዛ ቦታ። የዚያ ክፍሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ የትኛውም ብትገባ የምታነበው ያው ጽሑፍ ነው። ሦስት ሌሊት ዞርኩበት። በኋላ ነው የገባኝ፤ የያዝከውን ዕቃ በየክፍሉ አንድ አንድ ትጥላለህ። እዚህ ቁልፉን፣ እዚያ ጠርሙሱን፣ እዚያ ደግሞ ምግቡን። ተመልሰህ ቁልፍ ካየህ የት እንዳለህ አወቅህ ማለት ነው። ካርታውን በፕሪንተር ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ ሣልኩት። ከዓመታት በኋላ ፕሮግራመር ስሆን፣ የት ጋ እንደሚበላሽ የማይታወቅ ኮድ በገጠመኝ ቁጥር የማደርገው ያንኑ ነው። በየመሀሉ "እዚህ ደርሻለሁ" የሚል መስመር ጣል እያደረግኩ እሄዳለሁ።

ቀጥሎ መድ የሚባለውን አገኘሁ። ይሄ በ1978 እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ሮይ ትራብሾ ጀመረው፣ ሪቻርድ ባርትል ቀጠለው። ብዙ ሰው አንድ ዓለም ውስጥ እየጻፈ ይጫወታል፣ ያወራል። በኋላ ብዙ ዓይነት ወጣለት። እኔን የያዘኝ ጌሙ ውስጥ ያለው ዘንዶ ምናምን አይደለም፣ ወሬው ነው። ቀን ቀን አፌን ስከፍት ሰው "ምን አልክ?" ይለኛል። እዚያ ግን አክሰንት የለም። ዓረፍተ ነገሬን አስቤ፣ አርሜ እልካለሁ። ቀልድ ጽፌ የማላውቀው ሰው ሲስቅልኝ፣ እንግሊዝኛ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ መሰለኝ። አፋቸውን የሚፈሩ ልጆች ይሄን ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

ጉዱንም ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት ጨዋታው ጣመኝና ቴፑን ሳልቀይር ነጋ። የዚያን ቀን ሥራ ባክአፕ ሳይደረግ አደረ። አለቃዬ አልጮኸም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራ ሰዓት ነክቼው አላውቅም። ቤት ውስጥ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ባለቤቴ ብዙ ታግሳኛለች።

ስለዚህ ጌም ስትመርጡ ስትዘጉት ምን እንደሚላችሁ እዩ። አድቬንቸር ከ350 ስንት ነጥብ እንዳገኘህ ነግሮህ ይሰናበትሃል። ዎርድል የሚባለው የተደበቀ ቃል መገመቻ በቀን አንድ ቃል፣ ስድስት ሙከራ ይሰጥሃል፣ የትኛው ፊደል ልክ እንደሆነ በቀለም ይነግርሃል፣ ከዚያ እስከ ነገ። ያ ስክሪን መታ መታ እያደረጋችሁ ሳንቲም የምትለቅሙበት ግን ተኝታችሁም ይጠራችኋል። እኔ ጌም አልለውም፣ ደሞዝ የሌለው ተረኝነት ነው።

ኮድ ለምትጽፉት አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ዎርድልን በአማርኛ ሞክሩት። እንግሊዝኛ በ26 ፊደል ነው የሚጫወተው፣ የእኛ 33 በሰባት ሲባዛ 231 ነው። መልሱ "ሳ" ሆኖ "ሰ" ብጽፍ ምን ዓይነት ቀለም ትሰጡኛላችሁ? ቤተሰቡን አግኝቻለሁ፣ ልጁን ስቻለሁ። እኔ ሞክሬ ኪቦርዱ ላይ ተሸነፍኩ።

ደግሞ ስዕል የሌለው ጨዋታ ለእኛ ምኑ ይገርማል? እንቆቅልሽ ያው አይደል? መብራት በጠፋ ማታ፣ ምንም ሳይታይ፣ በቃል ብቻ።

ባለፈው እሁድ ደሴ ያለችው እትዬ ቴሌግራም ላይ "እንቆቅልሽ" ብላ ጻፈችልኝ። "ምን አውቅልሽ" አልኳት። የላከችውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምቼው አላውቅም፤ ራሷ ሳትፈጥረው አልቀረችም። ቀኑን ሙሉ አሰብኩ፣ አልመጣልኝም። ማታ እጄን ሰጠሁ።

"አገር ስጠኝ" አለች።

"ሜሪላንድን ሰጠሁሽ።"

ትንሽ ቆየችና ጻፈች፦ "እሱን ተወው፣ አንተን ወስዶብኛል። ሌላ አምጣ።"

ጎንደርን ሰጠኋት።