ወደ ሲሸልስ ለመሄድ ላሰቡት የደሴ ወንድማችን፦ ከቲኬቱ በፊት ክትባቱን

ጠያቂ ወንድማችን፣ በሚመጣው ክረምት ከባለቤትዎና ከሁለት ልጆችዎ ጋር ወደ ሲሸልስ ሄደው ደኑን፣ ወፎቹንና ግዙፎቹን ኤሊዎች ለማየት እንዳሰቡ ጽፈው ከምን እንደሚጀምሩ ጠይቀዋል። እስካሁን የተሰጡት መልሶች አብዛኞቹ ስለ ሆቴልና ፎቶ ስለሚያምርበት የባሕር ዳርቻ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ይህንኑ ጉዞ ከኮምቦልቻ ተነሥተን በ2017 ዓ.ም. ክረምት አድርገነዋል፤ ባለቤቴ የባዮሎጂ መምህር ስለሆነ እኛም እንደ እርስዎ የሄድነው ተፈጥሮውን ለማየት ነበር። እኛን ያስከፈለን እርስዎን እንዳያስከፍል በቁጥር ለይቼ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

1. ከሁሉ በፊት መላው ቤተሰብ የቢጫ ወባ ክትባት ይውሰድ። ቲኬት ሳይቆርጡ፣ ማረፊያም ሳይዙ ማለቴ ነው። ሲሸልስ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘን ሰው አስቀድመህ ቪዛ አምጣ አትልም፤ ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም "ቪዛ አይጠየቅም" ሲባል ሰው ሁሉ "ምንም አያስፈልግም" የተባለ ይመስለዋል። ቲኬታችንን የቆረጠልን ወኪልም በዚሁ ቃል ነበር የሸኘን። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር፣ ከዚህ የሚሄድና ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ የሆነ መንገደኛ ሁሉ፣ ልጆችዎም ጭምር፣ የክትባቱ ማስረጃ የሆነውን ቢጫ ካርድ ማሳየት ይኖርበታል። ካርዱ ደግሞ የሚጸናው መርፌውን ከተወጉበት ዕለት ጀምሮ ሳይሆን ከ10 ቀን በኋላ ነው።

ይህችን የ10 ቀን ነገር የነገረን ሰው አልነበረም። ክትባቱን በአቅራቢያችን ጠይቀን ስላላገኘን፣ በረራችን ጁላይ 20 ስለነበር፣ ጁላይ 15 አዲስ አበባ ገብተን እግረ መንገዳችንን እንወስደዋለን አልን። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረን ክትባቱ በሚሰጥበት ቦታ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን "የዛሬው አልቋል፤ ነገ ኑ" አለን፤ ባለቤቴ በረራችን በ20 መሆኑን ሊያስረዳው ሲሞክር መስኮቱን ዘጋው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ያንን አንድ ዐረፍተ ነገር ቢያዳምጥ ኖሮ ቀኑ እንደማይደርስልን በዚያው ባወቅን፣ ቲኬቱንም ሆነ ማረፊያውን አራት ቀን ቀድመን ባሸጋገርን ነበር። በ17 ተወጋን። ሌላ ሠራተኛ ካርዱን ሞልታ፣ ማኅተም መትታ፣ በፓስፖርታችን ውስጥ አጥፋ ሰጠችን፤ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ቦሌ ላይ ሻንጣችን ሚዛን ላይ ወጥቶ ሳለ፣ መንገደኛ የምትመዘግበው ወጣት ካርዱን ገለጠችና አመልካች ጣቷን በአንዲት ጠባብ ዓምድ ላይ አሳርፋ ወደ እኛ አዞረችው። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ለማንበብ በሚያስቸግር የእጅ ጽሑፍ፣ 27 ይላል። "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ የሚሠራው ከ27 ጀምሮ ነው። ዛሬ ባሳፍራችሁ ከዚያ ይመልሷችኋል" አለችኝ። ልጅቷ ሥራዋን ነው የሠራችው፤ በእርሷ ቅሬታ የለኝም። ሻንጣችንን አውርደን ሰባት ሌሊት ዘመድ ቤት አደርን፤ ቲኬቱን በዚያች ሰዓት ለማስቀየር ደግሞ ቅጣቱንም የዋጋ ልዩነቱንም ከፈልን።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን የማረፊያው ገንዘብ ነው። ከዚህ ሆኖ በኢንተርኔት ለውጭ ማረፊያ መክፈል ቀላል ስላልነበር ስምንቱን ሌሊት የከፈለችልን ጂዳ በሰው ቤት ሠርታ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። ባለ ማረፊያዋ አምስቱን ሌሊት አሸጋግራልን ሦስቱን አስቀረች፤ ውሉ እንደዚያ ስለሚል ልንከራከር አልቻልንም። እህቴ በስልክ "አብሽሪ፣ ገንዘብ ይመጣል" ብላ አጽናናችኝ፤ እኔ ግን የእርሷ የስንት ቀን ድካም እንደሆነ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ካርዱን ሲቀበሉ ከመስኮቱ ሳይርቁ የሚጸናበትን ቀን ያንብቡ፤ ካልተነበበልዎ ሠራተኛው በግልጽ እንዲጽፈው ይጠይቁ፤ ለአራታችሁም ካርድ እንዲሁ ያድርጉ። ክትባቱ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል ቀድመው ቢወስዱት የሚባክን ነገር የለውም።

2. ደሴት አያብዙ። አገሪቱ 115 ያህል ደሴቶች እንዳሏት ሲነበብ ሁሉንም መርገጥ ያምራል። እኛም በመጀመሪያው ዕቅዳችን ዋናዋን ደሴት ማሄን፣ ፕራስሊንንና ላ ዲግን በየሁለትና ሦስት ሌሊቱ ልንዞር ነበር፤ ሌሊቶቹ ሲቀነሱብን በፕራስሊን ብቻ ለመቆየት ተገደድን፤ አሁን ሳስበው እንደገና ብሄድም የማደርገው ይህንኑ ነው። ለተፈጥሮ ሲባል የሚኬድባቸው ቦታዎች ሁሉ ከዚያ ቅርብ ናቸው፦ ላ ዲግ በጀልባ 15 ደቂቃ ያህል ነው፣ ኩሪየዝና ኩዜን የሚባሉት ትናንሽ ደሴቶች በጠዋት ተሂዶ ከሰዓት በኋላ የሚመለሱባቸው ናቸው፣ የቫሌ ደ ሜ ደን ደግሞ እዚያው ፕራስሊን መሐል ነው። በጽሑፍዎ ያነሡትን የአልዳብራ ደሴት ግን ለዚህ ጉዞ ይተዉት። ከ100,000 በላይ ግዙፍ ኤሊዎች የሚኖሩበት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከማሄ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ የአውሮፕላን ማረፊያም የለውም። ልጆችዎ ኤሊዎቹን በኩሪየዝ እንደ ልብ ያገኟቸዋል፤ ዘራቸው ከአልዳብራ የመጣ ነው፣ በነጻነት ይሄዳሉ፣ አንገታቸውን ቀስ ብለው ሲያሹላቸው እግራቸውን ዘርግተው አንገታቸውን ሽቅብ ይሰጣሉ።

ቫሌ ደ ሜ 20 ሄክታር እንኳ የማይሞላ ደን ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1983 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ በተፈጥሮው የሚበቅለው በፕራስሊንና በኩሪየዝ ብቻ ሲሆን፣ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ናቸው፤ የሴቷ ፍሬ ለመብሰል ከ6 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል፣ በውስጡ ያለው ዘርም ከዕፅዋት ዘር ሁሉ ትልቁ ነው። ባለቤቴ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ሲሥለው የኖረውን ዘር በሁለት እጁ አቅፎ ሲያነሣ ያየሁትን ፊቱን አልረሳውም። ነፋስ ሲነሣ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ ድምፁ በቆርቆሮ ላይ ዝናብ የጀመረ ይመስላል። በዚህ ደን ውስጥ ጥቁር በቀቀን የሚባለው ወፍ ይኖራል፤ መልኩ ግን ይበልጥ ወደ ቡናማ ያደላል። አስጎብኚዎች ሰው ሳይበዛ በጠዋት ግቡ ይላሉ፤ እኛም በጠዋት ገብተን ፉጨቱን ተከትለን ሁለት ጊዜ አይተነዋል፤ ባለቤቴ ሰዓቱንና ዛፉን በደብተሩ መዝግቧል። በእ.ኤ.አ. 1879 ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የተነጋገረው እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ደን አይቶ ኤደን ገነት ይህ ነው ብሎ አምኖ ነበር። ግዮን በኢትዮጵያ ምድር እንደሚዞር እያነበብን ላደግን ሰዎች ሐሳቡ የሚያስማማ ባይሆንም፣ ደኑ ውስጥ ቆሞ ላየው ሰው ጎርደን ምን እንደታየው ይገባል።

ወቅቱን በቁጥር 3 ልጽፈው ነበር፣ ከጀልባው ጋር ስለሚያያዝ እዚህ ላይ ልጨምረው። የእኛ ክረምት ለእነርሱ ደረቁ ወቅት ነው፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣው ነፋስ ሙቀቱን ያበርደዋል፣ ባሕሩን ግን ያናውጠዋል። የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ስለለመድኩ ምንም የማልሆን መስሎኝ ነበር፤ ከማሄ ወደ ፕራስሊን በሚወስደው የአንድ ሰዓት ጀልባ ላይ ግን ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ ራሴን ማንሣት አቃተኝ። ለልጆቹ የማቅለሽለሽ መከላከያ ከሐኪም ጠይቀው ከመሳፈራቸው በፊት ይስጧቸው፤ ከጀልባው መሐልና ከኋላ በኩልም ይቀመጡ። በዚያ ወቅት ወደ ደቡብ የሚያዩ ዳርቻዎች ማዕበልና የባሕር አረም ይበዛባቸዋል። የላ ዲጉ ግራንድ አንስ ውኃው ሰው ስለሚጎትት ልጆቹን ጨርሶ እንዳያስገቡ፤ በፕራስሊን ሰሜን ምዕራብ ያለው አንስ ላዚዮ ግን በዚያው ሰሞን የተረጋጋ ነው። የወባ ትንኝ ሥጋት የለም፤ በሲሸልስ ወባ የለም። ሙቀቱ የኮምቦልቻን ሰው አያስቸግርም፣ የደሴን ሰው ግን ለሁለት ቀን ይከብደው ይሆናል።

ስለ ወረቀቱ ብዙ የሚባል የለም። ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ አለ፤ በአገሪቱ መንግሥት ገጽ ላይ ብቻ ይሙሉት፣ ተመሳስለው የተሠሩና ከፍ ያለ ገንዘብ የሚጠይቁ ገጾች አሉና። የመመለሻ ቲኬት፣ የሁሉም ሌሊት ማረፊያ ማስረጃና በቂ ገንዘብ በእጅዎ ይሁን። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለአንድ ሰው በአንድ ሌሊት እንደ ማረፊያው ትልቅነት ከ25 እስከ 100 የሲሸልስ ሩፒ የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ አለ፤ ዋጋ ሲጠይቁ ይህ ተጨምሮ እንደሆነ ያረጋግጡ። የኮኮ ደ ሜር ዘር ፈቃድና ማኅተም ከሌለው ከአገር አይወጣም፤ ከመንገድ ላይ እንዳይገዙ።

ኩዜንን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ከሁሉ አብልጬ ስለምወደው ነው። በእ.ኤ.አ. 1968 ለወፎች ጥበቃ ተብሎ ሲገዛ፣ የሲሸልስ ዋርብለር የምትባለው ትንሽ ወፍ በዓለም ላይ ከ30 ያነሰች ቀርታ ነበር፤ ዛሬ ወደ ሌሎች ደሴቶችም ተወስዳ በብዛት ትኖራለች። አይጥና ተባይ እንዳይገባ የጎብኚ ጀልባ ዳር አይደርስም፤ ጠባቂዎቹ በራሳቸው ጀልባ መጥተው ያሻግራሉ። ነጯ የባሕር ወፍ ጎጆ አትሠራም፤ አንዲት እንቁላሏን በባዶ ቅርንጫፍ ላይ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ በማትበልጥ ጎድጎድ ያለች ቦታ ላይ ታስቀምጣለች። እኔ ያየኋት በዓይኔ ትይዩ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ነበረች፤ በጥቋቁር ዓይኖቿ እያየችን አልተንቀሳቀሰችም። ይህ ደሴት ጎብኚ የሚቀበለው ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ብቻ ስለሆነ፣ የፕራስሊን ሌሊቶችዎን ሲቆጥሩ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን እንዲያካትቱ፤ በመጀመሪያው ቀን ማዕበሉ ቢከለክል በሁለተኛው ይሻገራሉ።