ሠርቶ ሠርቶ ቀጥ የሚል የሣር ማጨጃ፦ ጥያቄና መልስ

ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ሣሩ መውጣት ጀምሯል። ብርዱን ሙሉ ጋራዥ የከረመው ማጨጃም እየወጣ ነው። ሥራዬ የትንንሽ ሞተር ጥገና ስለሆነ በዚህ ወቅት የሚመጣልኝ ጥያቄ ይመሳሰላል፤ ይነሳል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ይጠፋል፣ ከዚያ ገመዱን ቢስቡት ቢስቡት እምቢ።

ከመልሱ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ተናዳችሁ ጥላችሁት አትግቡ። ምክንያቱ በደንብ የሚታየው በጠፋበት ደቂቃ ነው። ከበረደ በኋላ ይነሳና ችግሩን ይደብቅባችኋል፣ እናንተም በግምት ዕቃ መግዛት ትጀምራላችሁ። ደግሞ እጃችሁን ወደ ምላጩ ከመስደዳችሁ በፊት የካንዴላውን (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠውን) ካፕ ንቀሉ። ይህን ሁልጊዜ አድርጉት።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ማጨጃዬ 20 ደቂቃ ያህል ይሠራና ተንተፋትፎ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ከጠበቅኩ ይነሳል። ካንዴላም ፊልትሮም ቀይሬያለሁ። ምን ቀረኝ?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን እይ። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ በጣም ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቤንዚን ወደ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ክፍል) በወረደ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት። ቀዳዳዋ በአቧራና በሣር ብናኝ ከተደፈነች ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ሞተሩ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረችውን ይጨርስና ይጠፋል። አንተ ስትጠብቅ አየሩ ቀስ እያለ ይገባል፣ ለዚህ ነው ኋላ የሚነሳልህ። ልክ ሲጠፋ ክዳኑን ፈታ አድርገው። «ፍስስ» ካለና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ ችግሩ እሱ ነው። እጠበው፣ ካልሆነ ቀይረው። ክዳኑን አላልቶ ማጨድ ግን አይሆንም፤ ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ይረጫል።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ቦቢናውን (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን የሽቦ ጥቅል) ጠርጥር። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ተበጥሶ ከሆነ ሲግል ይለያያል፣ ሲበርድ ይገናኛል። ስለዚህ ጠዋት ብትመረምረው ምንም የለበትም። በካንዴላውና በካፑ መካከል የሚገባ የእሳት መፈተሻ አለ፣ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ሞተሩ እንደጠፋ፣ ሳይበርድ፣ እሱን አስገብተህ ገመዱን ሳብ። ካበራ እሳት አለ። ካላበራ ግን ቦቢና ለመግዛት አትሩጥ። ከቦቢናው የሚወጣውን የማጥፊያ ሽቦ ነቅለህ እንደገና ሞክር። ልጡ ተልጦ ብረት የነካ ሽቦ እሳቱን ይገድለዋል። ነቅለኸው እሳት ከመጣ ሽቦውን ጠግነህ መልሰው፤ ያለ ማጥፊያ ማጨድ አደጋ ነው።

አዲስ ቦቢና ስታስር ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ጎማ) ጋር ያለው ክፍተት 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ቢዝነስ ካርድ መሃል አስገብተህ ብታጠብቀው ይበቃል።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ የሚነሳው አየር ማስገቢያው ላይ ጠብታ ቤንዚን ሳደርግበት ብቻ ነው። ሦስት ሰከንድ ሠርቶ ይጠፋል። ቤንዚኑ ካለፈው ዓመት የቀረ ነው። ባለቤቴ አዲስ ካርቡራተር ይገዛ ይላል።

እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ሰጥተሻል። ሦስት ሰከንድ ከሠራ እሳትም ኮምፕረሽንም (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን የሚያምቀው ግፊት) አለው። የጎደለው ነዳጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ኤታኖል ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ቤንዚኑ ራሱም ወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ይቀራል። ያ ሙጫ የሚደፍነው ጂግለሩን፣ ማለትም ካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባትን ጠባብ ቀዳዳ ነው።

ካርቡራተር ከመግዛታችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን የቤንዚን መያዣ ሳህን ክፈቱት። ውጭ ሜዳ ላይ ይሁን እንጂ የውሃ ማሞቂያ የሚነድበት ጋራዥ ውስጥ አይሁን። መጀመሪያ አሮጌውን ቤንዚን አውጡ፣ ከዚያ ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ቡሎን ፍቱ። ሳህኑ ሥር ውሃ ካለ ከቤንዚኑ ተለይቶ እንደ ዶቃ ሲንከባለል ታዪዋለሽ። በአንዳንድ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተሮች የነዳጁ ቀዳዳ ያለው እዚያው ቡሎኑ ላይ ነው። በሆንዳ ደግሞ መሃል ያለው ቱቦ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ናስ ናት፣ በቀጭን ካቻቢቴ ትፈታለች። ወደ ብርሃን አዙረሽ እያት። ጥርት ያለ ክብ ብርሃን ካልታየ ተደፍኗል። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዝዘሽ ጎርጉሪው። ብረት መርፌ አይሁን፤ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከሰፋ አበቃለት። መነጽር አድርገሽ በካርቡራተር ማጽጃ ንፊበት፣ ግጠሚው፣ አዲስ ቤንዚን ጨምሪ። ማደያው ላይ ኢ15 (እስከ 15 በመቶ ኤታኖል ያለበት) የሚለውን አትቅጂ። በአሜሪካ ሕግም ለእንዲህ ያለ ሞተር አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ጉቶ ከመታሁ ጀምሮ አልነሳ አለ። ገመዱን ስስበው መልሶ እጄን ይነጥቀኛል።

ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታስተሳስር ትንሽ ቁልፍ ብረት አለች። ምላጩ ጠንካራ ነገር ሲመታ ትቆረጣለች ወይም ትጣመማለች። ያኔ እሳቱ ያለ ሰዓቱ ይመጣል፣ ገመዱ የሚመታህም ለዚህ ነው። ዕቃዋ ርካሽ ናት። ቀይረሃት ከተነሳ በኋላ ማጨጃው በኃይል ከተንቀጠቀጠ ግን ምላጩን አይ። ምላጩ ደህና ከሆነ ዘንጉ ጎብጧል ማለት ነው። ያን ማጨጃ አትጠግነው፤ አንተንም ልጆችህንም ይጎዳል።

ጥያቄ (ከአንድ አባት)፦ ሥሩን ላጥብ ብዬ በጎኑ አጋደምኩት። አሁን ገመዱ አልሳብ አለ።

አባቴ፣ ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶብዎታል። በጉልበት አይሳቡት። ካንዴላውን ይፍቱና ፊትዎን ዞር አድርገው ገመዱን ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ዘይቱ በቀዳዳው ይወጣል። የአየር ፊልትሮው ዘይት ጠጥቶ ከሆነ ይቀይሩት፣ የዘይቱንም መጠን ይዩ። ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ጭስ ቢያጨስ አይደንግጡ። ሌላ ጊዜ ሲያጋድሙት ካርቡራተሩ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኔ ያለኝ ጄነሬተር ነው። መብራት ሲሄድ እናስነሳዋለን። ምጣድ ስንሰካበት ይጠፋል። ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል።

ሞተሩ ያው ነው፣ እዚህ ብትጠይቂ ደስ ይለኛል። በመጀመሪያ ዘይቱን እዪ። ብዙዎቹ ጄነሬተሮች ዘይት ሲጎድል ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ ዘመም ባለ መሬት ላይም እንደዚያው። ዘይቱ ልክ ከሆነ ወደ ጥላሸቱ እንሂድ። ቾኩ (ሞተሩ ሲነሳ አየር የሚቀንሰው መዝጊያ) ሙሉ በሙሉ መከፈቱን፣ ፊልትሮውም አለመደፈኑን አረጋግጪ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ምክንያቱ ከፍታው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ጂግለሩ ግን የተሠራው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ሆንዳ ለጂኤክስ ሞተሮቹ ከ1,500 ሜትር በላይ ካርቡራተሩ እንዲስተካከል ይመክራል። ከተስተካከለም በኋላ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚቀንስ ይናገራል። አስቢው፤ አዲስ አበባ ላይ ከሩብ በላይ ጉልበት ሄደ ማለት ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኚ። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ብዙ ኃይል የሚበላ ዕቃ ነው፤ ትንሽ ጄነሬተር አይችለውም። ለመብራት፣ ለቴሌቪዥን፣ ለስልክ ተጠቀሚበት። ጠጋኙ ፊልትሮውን አውጥተን እናስነሳው ካለሽ እሺ አትበይ፤ አቧራ ገብቶ ፒስተኑን ይበላዋል። ጂግለሩን በጠባብ ይቀይርልሽ።

እባክሽ ደግሞ በረንዳም ሆነ ኮሪደር ውስጥ አታስነሺው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ አድርጊው።

ጥያቄ፦ እሳት አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ክዳኑም ደህና ነው። ሲግል ብቻ አይነሳም። ሲግል ገመዱም ይቀልለኛል።

ገመዱ መቅለሉን ማስተዋልህ ጥሩ ነው። ኮምፕረሽን እየጠፋ ነው። ቫልቩ (ሲሊንደሩን የሚከፍትና የሚዘጋው በር) ክፍተት አጥቷል፣ ሲግል ብረቱ ይረዝምና በደንብ አይዘጋም። ሞተሩ በደንብ ከበረደ በኋላ የቫልቭ ክዳኑን ከፍተህ ለካ። ለምሳሌ በሆንዳ ጂኤክስ160 መግቢያው 0.15፣ መውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። የአንተ ሌላ ሞተር ከሆነ የራሱን መጽሐፍ እይ። ስታስተካክል ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፍ ደርሶ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው መሆን አለባቸው። ልኩን ከያዘም በኋላ ሲግል ከቀለለህ ቫልቩ ተቃጥሏል፣ ያን ጊዜ ቴስታው (የሲሊንደሩ የላይኛው ክዳን) መውረድ አለበት።