ካንዴላ ከተቀየረ በኋላ ሞተር ለምን ይንቀጠቀጣል? ጥያቄና መልስ

መልስ፦ ጠያቂዎች ሦስት ነገር አስቀድሙልኝ፤ የሞተሩን ዓይነት፣ የገባውን ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ቁጥር፣ መንቀጥቀጡ ሚኒሞ ላይ ይሁን ነዳጅ ሲረገጥ። ደግሞ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ካንዴላ አይፈታም፤ አዲሱም በእጅ ተጀምሮ እንጂ በቁልፍ ተገፍቶ አይገባም። ቴስታታው (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም ከሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል።

ከደሴ፦ ጋሼ እንደምን ዋሉ። ያሪስ፣ 2ኤንዜድ ሞተር። አራቱንም ካንዴላ ከቀየርኩ ወዲህ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል። የጥፋት ኮድ ማንበቢያው ማሽን ፒ0303 አነበበ።

መልስ፦ እንዲህ ተሟልቶ ሲጠየቅ ደስ ይላል። 3ኛው ሲሊንደር እየዘለለ (ሳያቀጣጥል እያለፈ) ነው። ሞተሩን አጥፋ፤ የ3ኛውን ኮይል (ለካንዴላው ኮረንቲ የሚሰጠውን) በ10 ቁልፍ ፈትተህ ከ1ኛው ጋር አለዋውጥ፤ ኮዱን አጥፍተህ አስነሳ። ወደ ፒ0301 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላዎቹን አለዋውጥ። አሁንም 3ኛው ላይ ካለ የኮይሉን ሶኬትና ሽቦ፣ ኢንጀክተሩን፣ ኮምፕሬሽኑን ፈትሽ። ካንዴላው ሲወጣ ነጩን ሸክላ በብርሃን እይ። ቁልፉ ጉድጓዱ ውስጥ ሲያጋድል ሸክላው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል፤ ኮረንቲውም በዚያ ወደ ብረቱ ይሾልካል። በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ካለ ካንዴላውን ጣለው። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ አትንዳ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የጭስ ማጣሪያውን፣ ካታላይዘሩን፣ አግሎ ያበላሸዋል።

ከኮምቦልቻ፦ ሰላም ጀመዓው፣ መኪናዬ ካንዴላ ከተቀየረላት ጀምሮ ትንቀጠቀጣለች። ምን ይሆን?

መልስ፦ ሞተሩ ምንድን ነው? የካንዴላው ቁጥርስ? መጀመሪያ የጠየቅኩትን አሟላ።

ከወልዲያ፦ ቶዮታ ዲኤክስ፣ 4ኬ ሞተር። የካንዴላ ገመዶቹን ሁሉ አንድ ላይ ነቅዬ በ1-3-4-2 መለስኳቸው። በካርቡራተሩ በኩል ይተኩሳል፣ ጉልበትም የለውም።

መልስ፦ የ4ኬ ሲሊንደሮች የሚቀጣጠሉበት ቅደም ተከተል 1-2-4-3 ነው። አንተ 1 እና 4ን በቦታቸው አስረህ 2 እና 3ን አቀያይረሃል። የ2 እና የ3 ፒስተን አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ አንዱ አየር ሲያምቅ ሌላው ጭሱን አስወጥቶ የመግቢያ ቫልቩን መክፈት ይጀምራል። እሳቱ በተከፈተ ቫልቭ ላይ ስለሚመጣ በካርቡራተሩ ይተኩሳል። የ1ኛውን ካንዴላ ፍታ፣ ቀዳዳውን በጣትህ ድፈን፣ ሞተሩን በእጅ አዙር። አየሩ ጣትህን ሲገፋና የፑሌጃው (የቀበቶው መዘውር) ምልክት 0 ላይ ሲደርስ ሮተሩ (ኮረንቲውን ለገመዶቹ የሚያከፋፍለው) የሚያመለክተው የ1 ቦታ ነው። ከዚያ ሮተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ 2፣ 4፣ 3 ብለህ እሰር። ሁለተኛ ደግሞ ገመድ ሁሉ በአንዴ አይነቀልም፤ አንድ ነቅሎ አንድ መመለስ ነው።

ከባቲ፦ ባለ አራት ሲሊንደር ሁሉ 1-3-4-2 አይደል እንዴ?

ከከሚሴ፦ ኧረ አይደለም ወንድሜ። ጥንዚዛው ቮልስ 1-4-3-2 ነው።

ከባቲ፦ የቮልስ ሞተር ጠፍጣፋ ነው፤ እኔ ስለ ቁሙ ነው የማወራው።

መልስ፦ 4ኬም በቁሙ ነው፣ ግን 1-2-4-3 ነው። ቮልስን ተዉት።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ እኔ ሌላዋ የደሴ ነኝ፤ የኔም 4ኬ ነው፤ አዲሱ ካንዴላ በሁለት ሳምንት ጥላሸት ለበሰ። ሱቅ ሞቃቱን ዓይነት (ጫፉ ሙቀት የሚይዘውን) አስገቢ አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አትግዢ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ያፈሳል። ደረቅ ጥላሸት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ጥላሸት ደግሞ ኮረንቲ ስለሚያስተላልፍ እሳቱ ጫፉ ላይ ሳይዘል ይጠፋል። ሞቃት ካንዴላ ጥላሸቱን ቢያቃጥለውም የበዛው ቤንዚን እንዳለ ነው። ወደ ሚሌ በጭነት የወረድሽ ቀን ደግሞ ጫፉ ግሎ ከሰዓቱ በፊት ያቀጣጥላል፣ ፒስተን ይበሳል። የአየር ፊልትሮውን አጽጂ፤ ቾኩ (የካርቡራተሩ አየር መዝጊያ) ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ መከፈቱን እዪ፤ የተንሳፋፊውን ከፍታ አስተካክዪ፤ ካልበቃ ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአንድ ደረጃ አሳንሺ። የሚኒሞው ቡሎን የሚስተካከለው አብዛኛውን ጊዜ በምትነጂበት ከተማ ነው፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ጥቁረቱ እርጥብና ዘይት ዘይት የሚል ከሆነ ግን ነገሩ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ነው። ስለ ካንዴላው ቁጥር፦ ኤንጂኬና ዴንሶ በሚባሉት ካንዴላዎች ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ካንዴላው ይሞቃል፤ ቦሽ ላይ ተቃራኒው ነው። የኤንጂኬ 5 ከዴንሶ 16 ጋር ይመጣጠናል።

ከሐይቅ፦ ሞተሩ እየሠራ ገመድ እየነቀሉ የሞተውን ሲሊንደር መፈለግ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ኮረንቲው መውጫ ሲያጣ ኮይሉን ይበሳዋል፤ እጅንም ይመታል።

ከመርሳ፦ የካንዴላው ጫፍ ክፍተት ስንት ይሁን?

መልስ፦ ለ4ኬ 0.8 ሚሊ ሜትር። የካንዴላው ቁጥር መጨረሻ 11 ከሆነ 1.1። የኢሪዲየም ጫፍ አይነካ፤ ይሰበራል።

ከከሚሴ፦ ምን ያህል ላጥብቀው?

መልስ፦ በእጅ እስኪቆም፤ እንደገና እላለሁ፣ በእጅ። አዲስ ከሆነ ከዚያ ግማሽ ዙር፤ ቀለበቱ አንዴ የተጨፈለቀ አሮጌ ከሆነ የሰዓት ዘንግ ከ12 ወደ 1 የምትሄደውን ያህል።

ከሐርቡ፦ የባጃጅስ?

መልስ፦ የባጃጅ ሰው ይመልስልህ።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ የያሪሱ ነኝ። አለዋወጥኩት፤ ፒ0301 አለ።

መልስ፦ አብሽር፣ ኮይሉ ነው። አሁን 1ኛው ላይ ያለውን ብቻ ቀይር። ሲወጣ ጉድጓዱን እይ፤ ዘይት ካለበት የቫልቭ ክዳኑን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሳትቀይር አዲሱን ኮይል አታስገባ።