ሐረር ላይ የካርታ ቀን ለምታዘጋጁ ልጆች

አንዲት የድሬዳዋ ተማሪ «ሐረር ላይ የኦፕንስትሪትማፕ (ማንም ሰው ሊጨምርበትና ሊያርመው የሚችል ነፃ የኢንተርኔት ካርታ) ቀን ልናዘጋጅ ነው፤ ስፖንሰር ከየት እናግኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጄ፣ ስፖንሰሩ ይቆይ። ባነርና ቲሸርት አያስፈልጋችሁም። እኔን የሚቆጨኝ የጁገልን፣ በግንብ የታጠረችውን የድሮዋን ሐረር፣ ጠባብ መንገዶች በየስማቸው የሚጠሩ ሽማግሌዎች ማንም ሳይጠይቃቸው ማለፋቸው ነው።

ጣሪያና መንገድ ከሳተላይት ምስል ላይ መሳል ጀርመን የተቀመጠ በጎ ፈቃደኛም ይችላል። ስሙን ግን ከየት ያመጣዋል? የዛሬ ልጆች ከስልክ ቀና ማለት ይከብዳችኋል፤ ሰርተፍኬቱንና ፎቶውንም ታበዙታላችሁ። ይህን ቀን ግን በእግራችሁ አውሉት።

ጁገል 48 ሄክታር ነው። ካርታውን በ1፡1000 (ወረቀቱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ አሥር ሜትር እንዲሆን) ካተማችሁት አንድ ኤ4 ወረቀት 200 በ200 ሜትር፣ ማለትም 4 ሄክታር ይይዛል። በስሌት 12 ወረቀት ይበቃል፤ ግንቡ አራት ማዕዘን ስላልሆነ ግን 16 ያህል ያዙ። ለየወረቀቱ ሦስት ሦስት ሰው መድቡ፤ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ የሱቅና የመስጊድ ጽሑፎችን ፎቶ ያንሳ፣ ሦስተኛው ሐረሪና ኦሮምኛ የሚናገር ይሁን።

«ስልክ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እናንተ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ ጂፒኤስ ይበቃል። ጁገል ውስጥ ግን የድንጋዩ ግድግዳ ሰማዩን ይጋርዳል፣ ሲግናሉም ግድግዳ እየመታ ስለሚመለስ ነጥቡ ይስታል። አሥር ሜትር ሲስት ደግሞ ሌላ መንገድ ወይም የሰው ጓሮ ውስጥ ይገባል። ከታወቀ በር ወይም መስጊድ ተነሱና መታጠፊያ እየቆጠራችሁ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉ።

በስም አትጣሉ። ያንኑ የግንቡን በር አንዱ ኤረር በር ሲል ሌላው አርጎብ በሪ ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። አማርኛውን በአማርኛ፣ ሐረሪውን በሐረሪ፣ ኦሮምኛውን በኦሮምኛ መለያው (ካርታው ለየቋንቋው ስም ባለው ቦታ) ሥር አስገቡ፤ የሌላውን ሰርዛችሁ የራሳችሁን አትተኩ። ከጉግል ካርታ ስም መቅዳት ክልክል ነው፣ ሥራችሁን ያሰርዛል። የግል ቤት ላይም የባለቤቱን ስም አትጻፉ።

ፀሐይ ሳትበረታ ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሩ፤ አርብን ተዉት። ስም መጠየቁን ግን ከሰዓት በኋላ ብታደርጉት ይሻላል፤ ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ ሲቀመጡ አንዱ የረሳውን ሌላው ያነሳዋል። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ያለችውን ገንዘብ ለሻይና ለስኳር አውሏት፤ ለዚህስ ስፖንሰርም ብትፈልጉ አልቃወምም።

የኦፕንስትሪትማፕ አካውንት ሁሉም ቤቱ ሆኖ አስቀድሞ ይክፈት፣ ኢሜይሉንም ያረጋግጥ። በሌላ ጊዜ ውክፔዲያ ላይ ስትሠሩ ይህ ይብሳል፤ ከአንድ የኢንተርኔት መስመር በቀን ከ6 በላይ አዲስ አካውንት አይከፈትም፣ ሰባተኛው ልጅ ቁጭ ብሎ ይውላል።

ወረቀቶቹን በዚያው ሳምንት አስገብታችሁ ጨርሱ፤ ከቆየ የራሳችሁን ጽሑፍ ማንበብ ያቅታችኋል። ከገባ በኋላ ከሌላ አገር ያለ ነባር ካርታ ሠሪ «ይህን ከየት አገኛችሁት?» ብሎ ሊጽፍላችሁ ይችላል። ዝም ካላችሁት ሊሰርዘው ስለሚችል መልእክት የሚከታተል አንድ ሰው ከመጀመሪያው መድቡ፤ «ቦታው ድረስ ሄደን፣ ነዋሪ ጠይቀን» ብሎ ይመልስለት።