በመኝታ ባቡር የሮኪ ተራሮችን ማቋረጥ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የምኖር የ64 ዓመት ጡረተኛ መምህርት ነኝ። በነሐሴ ቺካጎ ያለችውን ልጄን ከጠየቅሁ በኋላ፣ ተራሮቹን እያየሁ በመኝታ ባቡር ወደ ካሊፎርኒያ መሄድ እመኛለሁ፤ ይመቸኝ ይሆን?

መልስ፦ እናታችን፣ በእጅጉ ይመችዎታል። «ካሊፎርኒያ ዜፈር» የተባለው ባቡር ከቺካጎ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ተነሥቶ 3,900 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በ52 ሰዓት አካባቢ ስለሚጨርስ፣ ሁለት ሌሊት ያድሩበታል። በትንሿ የመኝታ ክፍል ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ወንበሮች ሲመሽ ተዘርግተው አንድ አልጋ ይሆናሉ፤ ሌላው አልጋ ከላይ ስለሚወርድ፣ ለጉልበትዎ ሲሉ በታችኛው ይተኙ። የመኝታ ክፍሉ ዋጋ ምግብንም ይጨምራል፤ ጉዞው በፍልሰታ ጾም ላይ ከዋለ ግን ቆሎና ዳቦ መያዝ ይበጃል። ከዴንቨር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተውን፣ 10 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውንና ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን የሞፋት ዋሻ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ የኮሎራዶ ወንዝ ለሰዓታት ከሐዲዱ ጎን ይፈሳልና፣ መስኮቶቹ እስከ ጣሪያው በሚደርሱት ሳሎን ፉርጎ ውስጥ ቀደም ብለው ቦታ ይያዙ።